ጭሱ ከመነሳቱ በፊት፦ የደሴቶች የቆሻሻ ክምር ቃጠሎና የነዋሪዎቻቸው ጤና



ጃማይካ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አገር አይደለችም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲያርፉ የወጣውን የሕዝብ ጎርፍ በፎቶግራፍ ያላየ በወሬ ሰምቷል፤ ሻሸመኔም ከዚያች ደሴት መጥተው ጎጆ ለቀለሱ ሰዎች መኖሪያ ሆናለች። እኔ ግን ዛሬ ስለ ኪንግስተን የምነግራችሁ ስለ ቆሻሻዋ ነው። የአንድ ደሴት ቆሻሻ ሲነድ በነዋሪው ላይ ምን እንደሚደርስ ለማስረዳት ከዚህች ከተማ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም።

መጋቢት 2 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2015፣ ከከተማዋ በስተምዕራብ ሪቨርተን በሚባለው የቆሻሻ መጣያ እሳት ተነሳ። ጭሱ ኪንግስተንን ሸፍኖ ፖርትሞር እስከምትባለው ጎረቤት ከተማ ደረሰ። በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ አስም ያለበት፣ ሳል የያዘው፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ወደ ጤና ተቋማት ሄደ። ክምሩን አሸንፎ ጭሱን ለማቆም ሁለት ሳምንት ያህል ፈጀ። ባለሥልጣናቱ «ሆን ተብሎ ሳይለኮስ አይቀርም» አሉ። ይሁን እንጂ ያው ክምር እ.ኤ.አ. በ2012ም በ2014ም ነድዶ ነበር። አንድ ቦታ ሲደጋግም ከነደደ፣ ክብሪቱን ማን ጫረ ከሚለው ጥያቄ በፊት ክምሩን እንዲህ ተቀጣጣይ ያደረገው ማነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው። የቆሻሻ ክምር እሳት የሚጠፋው ገና ባልተነሳበት ቀን ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። ቅጠሉ ምን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ በቅድሚያ እሳቱን እንወቀው።

ሪቨርተን ከጃማይካ ደረቅ ቆሻሻ 60 በመቶ ያህሉን ይቀበላል። በዘመናዊ መንገድ ታቅዶ የተሠራ ማስወገጃ አይደለም፤ ከሥሩ ፍሳሽ የሚያግድ ንጣፍ የለውም። በአጠገቡ ዱሄኒ የሚባለው ወንዝ ያልፋል፤ ወንዙ ሐንትስ ቤይ ወደሚባለው የባሕር ወሽመጥ ይገባል፤ ወሽመጡ ደግሞ የኪንግስተን ወደብ ክፍል ነው። በክምሩ ጥግ የሚኖሩ፣ ከክምሩ ላይ ብረትና ፕላስቲክ ለቅመው የሚያድሩ ቤተሰቦችም አሉ። እሳት፣ ወንዝ፣ ወደብና ሰው በአንድ ሰፈር ተፋፍገዋል ማለት ነው።

አሁን ክምሩ እንዴት እንደሚነድ እንመልከት። የተጣለ ምግብ፣ ቅጠልና ወረቀት አየር በማያገኝበት ጥልቀት ሲበሰብስ ጋዝ ይፈጥራል። የጋዙ ግማሽ ያህል ሚቴን፣ የተቀረው በአመዛኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሚቴን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች፤ ይፈነዳል። መበስበስ ራሱ ሙቀት አለው፤ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ሲጠራቀም፣ በስንጥቅ በኩል አየር ሲገባ፣ ማንም ሳይለኩሰው መጋል ይጀምራል። ከዚህ ሌላ ሰው የሚጨምረው አለ፦ ፍም ያልጠፋበት አመድ ከነቆሻሻው ይጣላል፤ ከስልክና ከኮምፒውተር የወጣ ሊቲየም ባትሪ ዶዘር ሲጫነው ይፈነዳል፤ መዳብ ፈላጊ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ሽቦ ፈላጊ ደግሞ ጎማ ያቃጥላል።

የክምር እሳት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ላይ ላዩን የሚነድደው ነው። ነበልባሉ ያስፈራል፣ ጭሱ ጥቁር ነው፣ ግን ይታያል፤ ይደረስበታል። ሁለተኛው ከሥር የሚሄደው ነው። በገጠር ቤት ያደገ ሰው ይህን እሳት ያውቀዋል፦ እናት ማታ ፍሙን በአመድ ታዳፍነዋለች፣ ጠዋት ስትገልጠው ሕያው ሆኖ ይጠብቃታል። ቆሻሻም እንዲሁ ራሱን አዳፍኖ ለሳምንታት፣ ለወራት ውስጥ ውስጡን ይግላል። ከላይ ውሃ ቢያፈሱበት ውሃው በቀለለው መንገድ ሾልኮ ይወርዳል እንጂ ፍሙ ጋ አይደርስም። ይልቁንም ውሃው መርዙን ሁሉ አጥቦ ጥቁር ፍሳሽ ሆኖ ወደ ወንዝና ወደ ባሕር ይሄዳል። ባለሙያዎች የተዳፈነውን እሳት የሚያውቁት በሙቀት መለኪያና ከክምሩ በሚወጣው ጋዝ ነው፤ በጋዙ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ከ1,000 በላይ ሲሆን ከሥር እሳት አለ ብለው ይነሳሉ።

ይህን ሁለተኛውን ዓይነት እሳት የቀመሰች ሌላ የደሴት ከተማ ላስተዋውቃችሁ። ኢቃሉዊት ትባላለች። በሰሜን ካናዳ ባፊን በምትባል ታላቅ ደሴት ላይ ያለች፣ የኑናቩት ግዛት ዋና ከተማ ናት፤ ያን ጊዜ ነዋሪዎቿ 7,000 ያህል ነበሩ፤ አብዛኞቹም ኢኑዊት ናቸው። ከቀሪው ካናዳ ጋር የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የላትም፤ ከባድ ዕቃ የሚደርሳት የባሕሩ በረዶ ሲቀልጥ በመርከብ ነው። በግንቦት 2006 ዓ.ም. የከተማዋ ቆሻሻ ክምር በእሳት ተያያዘ። ስፋቱ የእግር ኳስ ሜዳ ያህል፣ ጥልቀቱ የአራት ፎቅ ቤት ያህል ነበር። ኃላፊዎቹ ገንዘቡን አሰቡ፤ ውሃ ቢረጩበት ወደ ባሕሩ የሚወርደውን ፍሳሽም ፈሩ፤ በመጀመሪያ የመረጡት «ራሱ ነድዶ ይለቅ» የሚለውን ነበር። ክምሩ ግን አልለቀቀም። ክረምቱን ሙሉ ጨሰ። እርጉዞች፣ ሕጻናት፣ አረጋውያንና የሳንባ ሕመም ያለባቸው ጭሱ ወደ ከተማ በሚነፍስበት ቀን ከቤት እንዳይወጡ ተመከሩ። በስተመጨረሻ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች መጥተው ክምሩን በኤክስካቫተር እየቆፈሩ፣ የጋለውን ቆሻሻ ውሃ በሞላ ጉድጓድ እየነከሩ አጠፉት። ቁፋሮው አንዴ ከተጀመረ በኋላ የወሰደው ሳምንታት ብቻ ነበር፤ ወጪው ግን ከ2 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ሆነ። መስከረም 2007 ዓ.ም. ላይ፣ ከአራት ወር ገደማ በኋላ፣ ጭሱ ቆመ።

ወደ ጤናው ጉዳይ ልግባ። ጭሱ ምን ይዟል? አንደኛ፣ ደቃቅ ብናኝ። በጣም ጎጂው ከ2.5 ማይክሮሜትር የሚያንሰው ነው፤ ከሰው ጠጉር ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ያህል ይቀጥናል። አፍንጫ አያግደውም፤ እስከ መጨረሻዎቹ የሳንባ ከረጢቶች ወርዶ ከፊሉ ወደ ደም ይገባል። አስምን ይቀሰቅሳል፣ የልብ ሕመምተኛን ለአደጋ ያጋልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ በ24 ሰዓት ውስጥ በአማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል።

ሁለተኛ፣ ጋዞች። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ደማችን ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይነጥቃል፤ ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሲበዛ ይገድላል። ከፒቪሲ ቱቦና ከኤሌክትሪክ ገመድ ሽፋን የሚወጣው የጨው አሲድ ጋዝ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ቤንዜን የሚባለው ደግሞ፣ መኪና ላይ ከምንሞላው ቤንዚን የተለየ ኬሚካል መሆኑን ልብ በሉ፣ የደም ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጠ ዝርዝር ውስጥ ያለ ነው። የሪቨርተን ጭስ ሲመረመር ከፍ ብለው ከተገኙት አንዱ ይኸው ነበር።

ሦስተኛ፣ ዳይኦክሲንና ፉራን። እነዚህን ማንም አስቦ አያመርታቸውም። ክሎሪን ያለበት ነገር፣ በተለይ አንዳንድ ፕላስቲክ፣ በዝቅተኛ ሙቀትና በቂ አየር በሌለበት ሲጨስ ራሳቸው ይፈጠራሉ። ለማጥፋት ከ850 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚነድ ምድጃ ያስፈልጋል፤ ከሥር የሚግል ክምር ለእነሱ ማጥፊያ ሳይሆን መፍለቂያ ነው። በሰውነታችን ስብ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ መጠናቸው በግማሽ ለመቀነስ ብቻ ከ7 እስከ 11 ዓመት ይወስዳል። ከእነሱ መካከል እጅግ መርዛማው እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም የካንሰር አምጪ ተብሎ ተመድቧል። የፅንስን እድገት፣ የሆርሞንንና የበሽታ መከላከያን ሥርዓትም ያውካሉ።

እዚህ ላይ የኢቃሉዊት ልምድ አንድ ትልቅ ነገር ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እሳቱ ሲነድና ከጠፋ በኋላ የነበረውን አየር አነጻጽሮ ነበር። በተለመዱት መለኪያዎች፣ በደቃቅ ብናኝና በመሳሰሉት፣ አማካይ መጠኑ ያን ያህል የሚያስደነግጥ አልነበረም። የዳይኦክሲንና የፉራን መጠን ግን እሳቱ በሚነድበት ጊዜ ከጠፋ በኋላ ከነበረው 66 እጥፍ ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር እንይዛለን። የተለመደው መለኪያ ደህና ነው ስላለ ብቻ አየሩ ደህና ነው ማለት አይቻልም፤ ያልተለካ ነገር አይታይምና። በሌላ በኩል 66 እጥፍ ማለት ከተማው ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ መነሻው እጅግ ትንሽ መጠን ነበር። ሕዝብን በማሸበርም «ምንም የለም» ብሎ በማዘናጋትም ጤና አይጠበቅም። የሚጠበቀው ለክቶ፣ የለኩትን በየዕለቱ በሚገባው ቋንቋ በመንገር ነው።

ጭሱን በቀጥታ መተንፈስ መርዙ ወደ ሰውነት የሚገባበት የመጀመሪያው መንገድ ነው፤ ግን ብቸኛው አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የሰው ልጅ ከዳይኦክሲን ጋር የሚገናኘው ከ90 በመቶ በላይ በምግብ በኩል፣ በተለይ በሥጋ፣ በወተትና በዓሣ ነው። ብናኙ ሣር ላይ ያርፋል፣ ፍየል ሣሩን ትበላለች፤ ባሕር ውስጥ ይወርዳል፣ ዓሣ ይወስደዋል። በደሴት ላይ ይህ ቀለበት ጠባብ ነው። የክምሩ ጎረቤት፣ ዓሣ አጥማጁና ዓሣውን የሚበላው ብዙ ጊዜ ያው አንድ ቤተሰብ ነው።

ደሴት ከየብስ ከተማ የሚለየው በዚህ ብቻ አይደለም። መሬቱ ጥቂት ስለሆነ መጣያው ከመኖሪያው ሊርቅ አይችልም። ሲንት ማርተን በምትባለው የካሪቢያን ደሴት መጣያው ዋና ከተማዋ ፊሊፕስበርግ ውስጥ፣ ታላቁ የጨው ኩሬ መሐል ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን ሲያፈራርሳት ጣሪያው፣ ፍራሹ፣ ጀልባው፣ የቤት ዕቃው ሁሉ ወደዚያው ክምር ሄደ፤ ከዚያ በኋላም እሳትና ጭስ የከተማው የተለመደ ችግር ሆነ። ማልዲቭስ ደግሞ ቆሻሻዋን የምታስቀምጥበት መሬት ስላጣች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቲላፉሺ የሚባለውን የኮራል ሐይቅ በቆሻሻ እየደለደለች ሰው ሠራሽ ደሴት አደረገችው፤ ለዓመታትም ከዋና ከተማዋ ከማሌ የሚታይ ጭስ ይወጣበት ነበር።

ነፋሱም ሌላ ነው። በባሕር ዳርቻ አገር ቀን ከባሕር ወደ የብስ፣ ሌሊት ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል። ስለዚህ ቀን ጭሱ ወደ ተራራው ግርጌ፣ ወደ ቤቶቹ ይገፋል፤ ሌሊት አየሩ ሲረጋ ዝቅ ብሎ ይተኛል። እንደ ቤርሙዳ ባሉ ደሴቶች ደግሞ ሰው የሚጠጣው በጣሪያው ላይ የወረደውን ዝናብ በጉድጓድ አጠራቅሞ ነው፤ ጣሪያ ላይ ያረፈ አመድ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ወደ መጠጥ ውሃ ይገባል። ችግሩ ሲጠናም ከጎረቤት ክፍለ ሀገር ዶዘርና አፈር የሚያመጣ የለም፤ ደራሹ መርከብ ነው።

ታዲያ ቅጠሉ ምንድን ነው? አፈር ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ እያንዳንዱ የሥራ ቀን ሲያልቅ የዕለቱ ቆሻሻ ተጠቅጥቆ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር አፈር እንዲለብስ ያዛል። ይህች አንድ ስንዝር የማትሞላ አፈር አየር እንዳይገባ ታደርጋለች፣ ብልጭታ ቆሻሻውን እንዳያገኘው ትከልላለች፣ ዝንብና አይጥ ታባርራለች። እሳት ቢነሳ እንኳ አፈሩ በአንዱ ቀንና በሌላው ቀን ቆሻሻ መካከል ግድግዳ ሆኖ ያቆመዋል። ሪቨርተን ሲነድድ ለማዳፈን የተጋዘው በርካታ መኪና አፈርና ፍርስራሽ በየማታው ጥቂት ጥቂት እያለ ቀድሞ ቢለብስ ኖሮ፣ ለኳሹ ቢመጣ እንኳ የሚለኩሰው ትንሽ በሆነ ነበር። አፈር ብርቅ በሆነባቸው ደሴቶች የተፈጨ የግንባታ ፍርስራሽ ወይም ለዚሁ የተሠራ ሸራ ይተካዋል።

ከአፈሩ ቀጥሎ ሌሎች ሥራዎች ይከተላሉ። ጎማ ለብቻው በትንንሽ ክምር፣ በመካከሉ የእሳት መከላከያ መንገድ ተትቶ ይቀመጥ። ባትሪ ከቤት ጀምሮ ይለይ። የሚበሰብሰው ወደ ማዳበሪያ ይሂድ፤ ሚቴን የሚወለደው ከእሱ ነውና። ጋዙ በቧንቧ ወጥቶ ይቃጠል ወይም ይሸጥ። የለቃሚዎቹ ጉዳይ ግን ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «እሳቱን የሚለኩሱት እነሱ ናቸው» ብሎ ማባረር ቀላል ነው፤ የሚባረረው ሰው ግን ክምሩን ከማንም በላይ የሚያውቅ፣ ጭሱ የት እንደጀመረ ቀድሞ የሚያይ ነው። ገመዱን ሳያቃጥል መላጫ ማሽን ቢያገኝ፣ በማኅበር ተደራጅቶ ቋሚ ክፍያ ቢኖረው፣ ያው ሰው የክምሩ ዘብ ይሆናል።

ጭሱ አንዴ ከመጣስ? ከሁሉ የሚሻለው ለጊዜው መራቅ ነው፤ በተለይ ለእርጉዝ፣ ለሕጻን፣ ለአረጋዊና ለሕመምተኛ። መራቅ ያልቻለ መስኮቱን ይዝጋ፣ ልጆችን ከሜዳ ሩጫ ይከልክል፣ የአስም መድኃኒቱን ከእጁ አይለይ። ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም የብናኝ ጭምብል ብናኙን ይቀንሳል፤ ጋዙን ግን አያግድም። እርጥብ ነጠላ አፍ ላይ ማሰር የደህንነት ስሜት ይሰጣል እንጂ አያድንም። የጣሪያ ውሃ የሚያጠራቅም ቧንቧውን ከጉድጓዱ ይለይና ጣሪያው ታጥቦ እስኪጠራ ይጠብቅ። አትክልት ይታጠብ። አመድ በደረቁ አይጠረግ፣ በውሃ ረጥቦ ይነሳ። የምታጠባ እናት ማጥባቷን አታቁም፤ የእናት ጡት ጥቅም ከስጋቱ ይበልጣል ብሎ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል።

ይህን ሁሉ ስነግራችሁ በልባችሁ ስለ ቆሼ እያሰባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ሪቨርተን በነደደ በሁለት ዓመቱ፣ ያውም በዚያው ዕለት፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ውስጥ የቆሼ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱብን። አደጋው የተለየ ነው፤ እዚያ እሳት፣ እዚህ ናዳ። አዲስ አበባም ደሴት አይደለችም። ሥሩ ግን አንድ ነው፦ ለዓመታት ያልተጠቀጠቀ፣ ያልለበሰ፣ ያልተለካ ክምር፣ በሥሩም ሌላ መሄጃ ያጣ ሰው። ሁለቱም ከተሞች ያለቀሱት ከሆነ በኋላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው፣ የምርመራ ኮሚቴ የሚቋቋመው፣ የጤና ጣቢያ ድንኳን የሚተከለው፣ ካሜራ የሚመጣው ከአደጋው ወዲያ ነው። የማታውን አፈር የሚያለብሰው ዶዘር ግን ዜና አይሠራለትም፤ በጀት ሲቆረጥም የመጀመሪያው ተቆራጭ እሱ ነው። ነዳጅ የለም፣ መለዋወጫ የለም ተብሎ ይቆማል። የቆመበትን ቀን ሒሳብ የሚከፍለው ግን ማዘጋጃ ቤቱ አይደለም፤ በነፋሱ አቅጣጫ ያለ ቤት ሕጻን በሳንባው ይከፍለዋል።

ስለዚህ በደሴት የምትኖሩም፣ ዘመድ ያላችሁም፣ በየከተማችሁ የቆሻሻ ክምር ያለባችሁም ሁሉ ለተመራጮቻችሁ ሦስት ጥያቄ አቅርቡ። አንደኛ፣ የትናንቱ ቆሻሻ አፈር ለብሶ አደረ? ሁለተኛ፣ የክምሩን ሙቀትና ጋዝ ማን ይለካል፣ ውጤቱስ የት ይለጠፋል? ሦስተኛ፣ ነገ እሳት ቢነሳ አፈሩ፣ ዶዘሩና የባለሙያው ውል አሁን ተዘጋጅተው አሉ? መልሱ «እናጠናዋለን» ከሆነ በወሩ ተመልሳችሁ ጠይቁ። ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በየወሩ መልስ የሚሰጥ ከንቲባ እሳት ሲነሳ «ማን ለኮሰው» እያለ ጥፋተኛ ከመፈለግ ይድናል።